ግሪኮች ስለ ዓባይ ሙላት ሲከራከሩ፤ ሳይንስ እንዴት ተጀመረ?

የጣና_ልጅ
ሰላም ለሁላችሁ። ክረምት በመጣ ቁጥር የምታስቀኝም የምታስደንቀኝም አንድ ታሪክ አለች። ዛሬ ላካፍላችሁ።

ነገሩ የዓባይ ነው። እኛ ዘንድ ምንም እንቆቅልሽ የለውም። ሰኔ ግም ይላል፣ ሐምሌ ያወርደዋል፣ ወንዙ ይደፈርሳል፣ ይሞላል፣ አፈራችንን ጠርጎ ይሄዳል። አለቀ። አሁን ግን ራሳችሁን ጥንታዊቷ ግብፅ ውስጥ አስቀምጡ። ዝናብ የለም ማለት ይቻላል። ሰማዩ ጥርት እንዳለ ነው። ሌሎች ወንዞች በሐሩሩ በሚቀጥኑበት ወቅት ይሄ አንድ ወንዝ ብቻውን ይሞላል። የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ እንደጻፈው፣ ቀኑ በጣም ከሚረዝምበት ጊዜ ጀምሮ መቶ ቀን ያህል እየጨመረ ይሄድና ከዚያ ይጎድላል። ውኃው ከየት መጣ?

ግብፆች ሙላቱን ከማንም በላይ ያውቁታል። ከፍታውን በድንጋይ ደረጃ ይለካሉ። ሐፒ ለሚሉት የሙላት አምላክ ይዘምራሉ። ሄሮዶቱስ ግን በ5ኛው መቶ ዓመት ቅ.ል.ክ. እዚያ ሄዶ ካህናቱን ሲጠይቅ፣ «ለምን» ለሚለው መልስ የሚሰጠው አላገኘም። ይሄን ራሱ ነው የጻፈው።

«ለምን» ላይ ሙጭጭ ያሉት ግሪኮች ናቸው። የመጀመሪያው መልስ የታሌስ ነው ይባላል። በእነሱ በጋ፣ ማለትም በእኛ ክረምት፣ ከሰሜን የሚመጣው ነፋስ ወንዙን ፊት ለፊት ገፍቶ ወደ ባሕር እንዳይገባ ያግደዋል አለ። አናክሳጎራስ መጣና፣ የለም፣ በስተደቡብ በኢትዮጵያ ያለ በረዶ ሲቀልጥ ነው አለ። ሌላው ደግሞ ወንዙ የሚመነጨው ምድርን ከከበበው ውቅያኖስ ነው አለ።

ሄሮዶቱስ ምን እንዳደረገ እዩልኝ። አንዱንም «ተረት ነው» ብሎ በደረቁ አላለፈውም። ነፋሱን እንዲህ ሞገተው። ነፋሱ ሳይነፍስ የቀረባቸው ዓመታት ብዙ ናቸው፤ ዓባይ ግን ያው ሞልቷል። ደግሞ ነፋስ ወንዝ የሚያግድ ከሆነ፣ በሶርያና በሊቢያ ነፋሱን ተጋፍጠው የሚፈሱ ሌሎች ወንዞች አሉ። አነስተኞች ስለሆኑ እንዲያውም እነሱ የባሰ መሙላት ነበረባቸው። አልሞሉም። በቃ፣ ነፋሱ ወደቀ!

የውቅያኖሱን ደግሞ እንዲህ አለው፦ ነገሩን ወደማይታይ ቦታ ስለወሰደው መፈተኛ የለውም። እኔ ይሄን ሳነብ ከወንበሬ ልነሳ ነበር። ሐሳቡ ስህተት መሆኑን አይደለም የተናገረው። ልትፈትነው የማትችለው ሐሳብ ለክርክር እንደማይበቃ ነው።

በረዶው ላይም መደምደሚያው ልክ ነው፤ ሙላቱ ከበረዶ አይመጣም። ምክንያቱ ላይ ግን ሰውየው ተሳሳተ። ወንዙ የሚመጣው ከሐሩር አገር ነው፣ ከዚያ የሚነፍሰው ነፋስ ሞቃት ነው፣ ጭልፊትና ወፍ ዓመቱን ሙሉ እዚያው ይኖራሉ፣ ሽመላዎች እንኳ ብርድ ሸሽተው የሚወርዱት ወደዚያ ነው፣ ታዲያ በረዶ ከየት ይመጣል አለ። ደጋችንን አላየም። ከዚያ የራሱን መልስ ሰጠ፤ ፀሐይ በእነሱ ክረምት (በእኛ በጋ) ወደ ደቡብ ተገፍታ ውኃውን ስለምትመጠው ነው ወንዙ በዚያን ጊዜ የሚጎድለው አለ። ከሁሉም የባሰው መልስ የእሱ ነው፤ የሚያስቀኝም ይሄ ነው።

ከእሱ በኋላ አርስቶትል «ሜትሮሎጂ» በሚለው መጽሐፉ ላይ በዓረቢያና በኢትዮጵያ ዝናቡ በእነሱ ክረምት ሳይሆን በእነሱ በጋ (በእኛ ክረምት) እንደሚወርድ፣ በአንድ ቀን ውስጥም ደጋግሞ እንደሚያወርደው ጻፈ። በእሱ ስም የሚታወቅና በላቲን ብቻ የተረፈ አጭር ጽሑፍም አለ፤ ስለ ዓባይ ሙላት ነው። መደምደሚያው፣ ዝናቡ በዓይን ስለታየ ነገሩ ከእንግዲህ ጥያቄ አይደለም የሚል ነው። የመልክዓ ምድር ጸሐፊው ስትራቦንም በበኩሉ፣ የጥንቶቹ በግምት የደረሱበትን የኋለኞቹ ሄደው በዓይናቸው አረጋገጡት ይላል። ግብፅን የገዙት የፕቶሎሚ ነገሥታት ለዝሆን አደን ወደ ደቡብ የላኳቸው ሰዎች የእኛን ክረምት አይተው ተመለሱ።

ከታሌስ እስከዚያ ድረስ 300 ዓመት ገደማ ነው። መልሶቹ አብዛኞቹ ስህተት ናቸው። ግን እያንዳንዱ ስህተት ባለቤት አለው፣ ምክንያት አለው፣ ተቃዋሚም አለው። የማከብርላቸው ይሄን ነው። እናንተስ?

እንዴት_ሆኖ
አጻጻፍህ ደስ ይላል። ግን ወንድሜ፣ «ሁሉም ነገር ከግሪክ» የሚለው ዘፈን አይሰለችህም? ራይንድ የሚባለው የግብፅ የሒሳብ ፓፒረስ በ1550 ቅ.ል.ክ. አካባቢ የተገለበጠ ነው። ክፍልፋይ አለው፣ የመሬት ስፋት አለው፣ የጎተራ ይዘት አለው። የኤድዊን ስሚዝ ፓፒረስ ደግሞ 48 የጉዳት ዓይነቶችን ከራስ ጀምሮ ወደ ታች ይዘረዝራል። ምርመራው እንዲህ ነው፣ ይሄ ይታከማል፣ ይሄ አይታከምም እያለ። ጥንቆላው ከቁጥር አይገባም። ባቢሎኖች የጨረቃን ግርዶሽ ለዘመናት መዝግበዋል። ታሌስ ገና ሳይወለድ! ይሄ ሳይንስ ካልሆነ ምን ሊባል ነው?

የጣና_ልጅ
እንዴት_ሆኖ፣ በዚህ አንጣላም። ግሪኮቹ ራሳቸው ደብቀውት አያውቁም። ሄሮዶቱስ ጂኦሜትሪ ከግብፅ እንደመጣ፣ የፀሐይ ሰዓትና የቀኑ 12 ክፍል ደግሞ ከባቢሎን እንደተወሰደ በግልጽ ጽፏል። የሥነ ፈለክ ሊቁ ፕቶሎሚ (ከነገሥታቱ ሌላ ነው) ከተጠቀመባቸው የግርዶሽ መዝገቦች የመጀመሪያው በ721 ቅ.ል.ክ. ባቢሎን ላይ የታየ ነው። ያ መዝገብ ባይኖር የግሪክ ሥነ ፈለክ ባዶ እጁን ይቀር ነበር።

እኔ የምለው ሌላ ነው። ፓፒረሱ «እንዲህ አድርግ፣ መልሱ ትክክል ይወጣል» ይላል። እውነትም ይወጣል። ግን ጸሐፊው «እገሌ እንዲህ ይላል፣ ተሳስቷል፣ ምክንያቱም...» ሲል አታገኘውም። ሚሊጢንን እይ። የሐዋርያት ሥራ ላይ ጳውሎስ የኤፌሶንን ሽማግሌዎች ያስጠራባት ከተማ ናት፤ ዛሬ ቱርክ ውስጥ ነች። እዚያ ታሌስ ምድር ውኃ ላይ ተንሳፋለች አለ። የእሱው ከተማ ሰው፣ ተከታዩ አናክሲማንደር፣ ምድር ምንም ላይ አልተቀመጠችም አለ። ከሁሉም አቅጣጫ እኩል ስለራቀች ወደየትም የምትወድቅበት ምክንያት የላትም። ከእሱ ቀጥሎ የመጣው አናክሲመነስ ደግሞ ሁለቱንም ትቶ አየር ላይ ነው ያለችው አለ። ሦስት ሰው፣ አንድ ከተማ፣ ሦስት መልስ። ማንም ማንንም አላወገዘም።

እንዴት_ሆኖ
«ማንም አላወገዘም» ስትል ትንሽ ረገብ በል እንጂ። አቴናውያን ያንኑ አናክሳጎራስን ፀሐይ የጋለ ድንጋይ ናት በማለቱ በሃይማኖት ክስ አሳደዱት፤ ላምፕሳኮስ ሄዶ ነው የሞተው። ሶቅራጥስን በ399 ቅ.ል.ክ. መርዝ አጠጡት። አርስቶትልም አንዳንድ ሰው በተፈጥሮው ባሪያ ነው ብሎ የጻፈ ሰው ነው። «ምክንያታዊ አስተሳሰብ» እያልን ስናጨበጭብ ይሄን በጓሮ በር አናስወጣው።

የጣና_ልጅ
ማን ያስወጣዋል? ስለ ሚሊጢን ነው ያወራሁት፤ አቴና ሌላ ጉድ ነች። የባርነቱን ነገር ደግሞ አርስቶትል ራሱ ሲጽፍ፣ ባርነት ከተፈጥሮ ውጭ ነው፣ በሕግና በጉልበት የመጣ ነው የሚሉ ሰዎች እንዳሉ ይጠቅሳል። ተቃዋሚዎቹ ትክክል ነበሩ፣ እሱ ተሳሳተ። የተቃዋሚዎቹን ሐሳብ እንድናውቅ ያደረገን ግን የእሱ መጽሐፍ ነው።

ጠመኔ
እኔ ሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ልዩነቱን በወሬ ከምንጨቃጨቅ በአንድ ምሳሌ ላሳይ። ዩክሊድ፣ 300 ቅ.ል.ክ. ገደማ። ጥያቄው፦ ከራሳቸውና ከ1 በቀር በምንም የማይካፈሉት ቁጥሮች፣ 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11 እያሉ የሚሄዱት፣ አንድ ቦታ ያልቃሉ ወይስ አያልቁም?

እየቆጠርክ አትደርስበትም። ሚሊዮን ድረስ ብትቆጥር «ገና አሉ» ከማለት በቀር ምንም አላወቅክም። ዩክሊድ ግን እንዲህ ያስባል። እሺ፣ አልቀዋል እንበል። ዝርዝሩን በሙሉ ስጠኝ። 2፣ 3፣ 5 ብቻ ናቸው ካልከኝ አባዛቸውና 1 ልጨምር፤ 31። 31 ለ2 ቢካፈል 1 ይተርፋል፣ ለ3ም 1 ይተርፋል፣ ለ5ም 1 ይተርፋል። ስለዚህ ከዝርዝርህ ውጭ የሆነ ቁጥር አለ። እስከ 13 ድረስ ያሉትን ሁሉ ከሰጠኸኝ ተባዝተው 1 ሲጨመር 30,031 ይመጣል። ይሄ ራሱ ይካፈላል፤ 59 በ509 ነው። ግን 59ም 509ም ዝርዝርህ ውስጥ አልነበሩም። የፈለግከውን ያህል ረጅም ዝርዝር አምጣ፣ ሁሌም የጎደለ አለ።

ክፍል ውስጥ ይሄን ሳስተምር ከኋላ ወንበር ያሉት ሳይቀሩ ቀና ይላሉ። ምክንያቱም መምህሩን ማመን አያስፈልግም። ተማሪው ራሱ ሲያስበው እምቢ ማለት ያቅተዋል። የግብፁ ጸሐፊ የፒራሚድ ይዘት በትክክል ያሰላ ነበር፤ ባርኔጣዬን አነሳለታለሁ። «ለምን ሁልጊዜ ይሠራል?» ብሎ እንዲህ ማሰሪያ ያበጀለት ግን ግሪኩ ነው።

ሰምና_ወርቅ
ልጆች፣ ጨዋታችሁ ደስ ይላል። ከእኛ ቤት ያለውን ግን ረሳችሁት። ባሕረ ሐሳብን፣ የበዓላትና የአጽዋማት ማውጫውን ስሌት፣ የተማረ ሰው ከእነዚህ ግሪኮች ጋር በየዓመቱ እንደሚገናኝ ታውቃላችሁ?

ንዑስ ቀመር 19 ዓመት ነው። ማዕከላዊ ቀመር 76 ዓመት ነው። ዐቢይ ቀመር 532። ይሄን በዜማ ነው የምናጠናው። አሁን አቴና ግቡ። በ432 ቅ.ል.ክ. ሜቶን የሚባል ሰው፣ 19 የፀሐይ ዓመት ከ235 የጨረቃ ወር ጋር ይገጥማል ብሎ አወጣ። ድምሩን 6,940 ቀን አደረገው። ከመቶ ዓመት በኋላ ካሊፑስ የሚባለው መጣና ትንሽ ይተርፋል አለ። አራቱን 19 ደምሮ 76 ዓመት አደረገና ከ27,760 ቀን ላይ አንድ ቀን ቀነሰ። 27,759። ለ76 ብታካፍሉት ልክ 365 ቀን ከሩብ ነው። የእኛ ማዕከላዊ ቀመር ማለት ይሄው ነው። በእስክንድርያ በኩል መጣ፤ ሊቃውንቶቻችን ለድሜጥሮስ ይሰጡታል።

በ2018 ዓ.ም. ልሞክረው። 5500 ሲደመር 2018፣ 7518 ዓመተ ዓለም። ለ19 ሲካፈል ቀሪው 13። አንዱን ለዘመን አትቶ፣ ወንበር 12። 12 በ11፣ 132፤ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ (የፀሐይና የጨረቃ አቆጣጠር ልዩነት) 12። 12 በ19፣ 228፤ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ 18። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 ናቸው፣ ልክ ነው። መስከረም 18 እሑድ ዋለ፤ የእሑድ ተውሳክ (ለዕለቱ የሚደመረው ቁጥር) 7። 25። ነነዌ ጥር 25 ሰኞ ገባች። ከዚያ 69 ቀን ስትቆጥሩ ፋሲካ ሚያዝያ 4። ወረቀትና እርሳስ ብቻ!

የጣና_ልጅ
የኔታ፣ እግዜር ይስጥልኝ! ታዲያ ይሄን ይስሙኝ። በ1901 እ.ኤ.አ. አንቲኪቴራ ከምትባል የግሪክ ደሴት አጠገብ ከሰመጠ መርከብ ውስጥ የዛገ የነሐስ ቁራጭ ወጣ። ኋላ በራጅ ሲታይ ቢያንስ 30 ጥርሳማ ጎማ ያለው የሰማይ ማስያ ሆኖ ተገኘ። ከ2,000 ዓመት በላይ የቆየ ነው። ከጀርባው ጠመዝማዛ መደብ አለው፣ በ235 ወር የተከፋፈለ። ላዩ ላይ ከተቀረጸው ጽሑፍ ውስጥ ሁለት ቁጥሮች ይነበባሉ፤ 76 ዓመት እና 19 ዓመት። እርስዎ በዜማ ያጠኑት እነሱ በነሐስ ቀርጸውታል። ዕቃው ዛሬ አቴና ብሔራዊ ሙዚየም ነው ያለው።

እንዴት_ሆኖ
ይሄ እውነትም ያስገርማል። ግን አሁንም አልለቅም፣ 19 ዓመቱን ባቢሎኖች ከሜቶን በፊት ይሠሩበት ነበር።

ሰምና_ወርቅ
ይሠሩበት ነበር፣ ልጄ። ታዲያ ምን ይጎድልብናል? እኛም ከእስክንድርያ ተቀብለን የእኛ አደረግነው። ካሊፑስ የሚመሰገነው አንዲቷን ቀን ስለቀነሰ ነው። የተቀበሉትን መርምሮ ማረም ሌላ ሙያ ነው።

ነጭ_ጋውን
እኔ ነርስ ነኝ፤ ከጤናው በኩል ልጨምር። ከሂፖክራተስ ስም ጋር የተያያዘ «ስለ ቅዱሱ ደዌ» የሚባል ጽሑፍ አለ። በ400 ቅ.ል.ክ. አካባቢ የተጻፈ ነው። ስለሚጥል በሽታ ነው። መጀመሪያውኑ ይሄ በሽታ ከሌሎቹ በሽታዎች በምንም የበለጠ አምላካዊ አይደለም ብሎ ይነሳል።

ከዚያ በጊዜው የነበሩትን አድራጊ ፈጣሪዎች ያፋጥጣቸዋል። በሽተኛው እንደ ፍየል ከጮኸ የአማልክት እናት ነች ይላሉ፤ ድምፁ ቀጥኖ እንደ ፈረስ ከሆነ ጶሲዶን ነው ይላሉ። ወገኖቼ፣ የዛሩ ዓይነት ከማጓራቱ ሲለይ ያየ ሰው ይሄን ሲያነብ አይስቅም? ቢድን ጉብዝናው የእነሱ፣ ቢሞት ጥፋቱ የአማልክቱ፤ መቼም አይከስሩም ይላል ጸሐፊው።

ከሁሉ የወደድኩት ግን ፍየሏን ነው። ይሄ በሽታ ፍየሎችን አጥብቆ ይይዛል፤ ካላመናችሁኝ ጭንቅላቷን ክፈቱና እዩ ይላል። አንጎሏ እርጥብ ሆኖ፣ ውኃ ቋጥሮ፣ ሸትቶ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ ሰውነቱን የሚጎዳው በሽታ እንጂ አምላክ አይደለም። ማብራሪያው ዛሬ አይሠራም፤ አክታ የአየሩን መንገድ ዘጋው ነው የሚለው። ግን በሽታው የአንጎል ነው አለ፤ በእሱ ልክ ነበር።

እኔ በምሠራበት ጤና ጣቢያ ዛሬም ልጁ ወድቆ ሲንፈራገጥ ክብሪት ጭረው የሚያሸትቱት አሉ። እንደሚተላለፍ ፈርተው ለሃጩን ላለመንካት የሚሸሹም አሉ፤ እሳት ላይ የሚወድቁት ብዙዎቹ የሚያነሳቸው ስለሚጠፋ ነው። ጸበሉን አልቃወምም፤ መድኃኒቱን አታቋርጡ ነው የምለው።

ዝምተኛው
ዘርዓ ያዕቆብን ማንም አላነሳም? የእኛው ፈላስፋ እያለ ግሪክ ድረስ ምን አስኬደን?

ጠመኔ
ዝምተኛው፣ «ሐተታ»ውን በ17ኛው መቶ ዓመት እሱ ጻፈው ወይስ በ19ኛው መቶ ዓመት ጣሊያናዊው መነኩሴ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው የጻፈው በሚለው ምሁራን እስከዛሬ እየተከራከሩ ነው። እዚህ ከከፈትነው እስከ ፋሲካ አንጨርሰውም። ሌላ ርዕስ ክፈትለት፣ እኔም እመጣለሁ።

ዝምተኛው
እከፍታለሁ፣ ተዘጋጅ።

የመርዌ_መንገደኛ
የጣና ልጅ፣ አንድ ነገር ላስተካክል። የእነሱ «ኢትዮጵያ» ከአስዋን በስተደቡብ ያለው አገር ሁሉ ነው። ብዙውን ጊዜ ዛሬ ሱዳን የምንለውን፣ መርዌን ነው የሚያወሩት። ወዲያው የእኛ ደጋ ነው ብለን አንሩጥ።

የጣና_ልጅ
ትክክል ነው። ስሙ ሰፊ ነበር። ዝናቡ ግን የታወቀ ነው። ከዓባይ ውኃ 85 በመቶ ገደማ የሚሄደው ከእኛ ደጋ ነው፤ የሙላቱ ጊዜ ድርሻው ከዚያም ይበልጣል። ድሮ ግብፅ ላይ ይታይ የነበረው ሙላት የጎጃምና የወሎ ሐምሌ ነበር።

ኢትዮጵያ የሚለውን ካነሳህ አይቀር፣ ግሪካዊውን ዜኖፋነስን ታውቀዋለህ? ኢትዮጵያውያን አማልክታቸው ጥቁርና አፍንጫቸው ደፍጠጥ ያለ ነው ይላሉ፣ ከግሪክ በስተሰሜን ያሉት ጥራክያውያን ደግሞ የእኛዎቹ ሰማያዊ ዓይንና ቀይ ፀጉር አላቸው ይላሉ አለ። በሬና ፈረስ እጅ ኖሯቸው መሳል ቢችሉ፣ በሬው በሬ፣ ፈረሱ ፈረስ የሚመስል አምላክ ይስል ነበር አለ። በ6ኛው መቶ ዓመት ቅ.ል.ክ. የኖረ ሰው ነው! የራሱን ሕዝብ አማልክት ነው የሚነካካው። ይሄው ሰው ሲራኩስ ውስጥ የድንጋይ መፍለጫ ላይ የዓሣ ምስል አይቶ፣ ይሄ ቦታ ድሮ ባሕር ነበር ብሎ ደመደመ።

ከሻርጃ
እኔ የምኖረው በዓረብ አገር ነው። ስለ በግዳድ ማንም ምንም አለማለቱ ገረመኝ። ሁነይን ኢብን ኢስሐቅ የሚባል ክርስቲያን ሐኪም በ9ኛው መቶ ዓመት የግሪኩን ሐኪም የጋለንን መጻሕፍት ወደ ሶርያኛና ዓረብኛ ባይመልስ ኖሮ ብዙው ጠፍቶ ነበር። ኢብን አል-ሃይሰም ደግሞ «በፕቶሎሚ ላይ ያሉ ጥርጣሬዎች» ብሎ ሙሉ መጽሐፍ ጻፈበት። ዝም ብሎ አላደራረሰም፤ ሞገተው። አውሮፓ ያገኘው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ሰምና_ወርቅ
እውነት ነው። እኛም በሁለቱም በር ነው የተቀበልነው። «ፊሳልጎስ»፣ ያ የእንስሳቱ መጽሐፍ፣ ከግሪክ በቀጥታ ወደ ግዕዝ ተመለሰ። «መጽሐፈ ፈላስፋ ጠቢባን» ደግሞ በዓረብኛ በኩል መጣ።

የመቐለ_ፀሐይ
እኔ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። መምህራችን የምድርን ዙሪያ በእንጨት ጥላ የለካ ግሪካዊ አለ ብለውን ነበር። እኛ ከዚህ ሆነን መሞከር እንችላለን?

ጠመኔ
የመቐለ ፀሐይ፣ እንዲያውም ከኤራቶስቴንስ ይልቅ ለእናንተ ይቀላል! እሱ አስዋን ላይ ፀሐይ አናት ላይ በምትሆንበት ቀን እስክንድርያ ላይ ጥላውን ለካ። የክቡን 1/50ኛ አገኘ። ርቀቱ 5,000 ስታድያ (የግሪኮች የርቀት መለኪያ) ስለነበር፣ ጠቅላላውን 250,000 ስታድያ አለ። ሁለቱ ከተሞች ግን በሰሜን ደቡብ መስመር ላይ በደንብ አልተሰለፉም። አዲስ አበባና መቐለ በጣም የተሻሉ ናቸው።

እንዲህ አድርጉ። ሚያዝያ 5 አካባቢ አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ልክ አናት ላይ ትሆናለች፤ የቆመ ዘንግ ጥላ አይኖረውም። በዚያው ቀን አንቺ 1 ሜትር የሆነ ዘንግ መቐለ ላይ በትክክል ቀጥ አድርጊና አቁሚ። በቱንቢ ፈትሺው፤ ከተጋደለ ሁሉም ነገር ይበላሻል። ጥላው 8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሆኖ ወደ ሰሜን ይወድቃል። ማዕዘኑ 4.5 ዲግሪ አካባቢ ይመጣል፤ የክቡ 1/80ኛ ማለት ነው። የሁለቱ ከተሞች የአየር ርቀት 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 500 በ80፣ 40,000 ኪሎ ሜትር። የመኪናውን መንገድ እንዳትወስጂ፤ ስለሚጠማዘዝ በጣም ይረዝማል።

የመቐለ_ፀሐይ
ዋው! የስንት ሰዓቱን ጥላ ነው የምለካው? ልክ 6 ሰዓት ላይ?

ጠመኔ
አይ፣ ከ6 ሰዓት ከ20 ትንሽ አለፍ ብሎ ነው። የእኛ ሰዓት ከእኛ በስተምሥራቅ ባለ መስመር የተቀመረ ስለሆነ ፀሐይ ትንሽ ትዘገያለች። ለማንኛውም ሰዓቱን አትመኚው፤ ከ6 ሰዓት ጀምረሽ በየ5 ደቂቃው የጥላውን ጫፍ ምልክት አድርጊ። ከሁሉ አጭሩን ውሰጂ።

እንዴት_ሆኖ
አዲስ አበባ ላይ የሚለካ ከፈለጋችሁ እኔ አለሁ። ቤቴ ሰፊ ጣሪያ አለው። ግን ሚያዝያ 5 ቢደምንስ?

ጠመኔ
እንዴት_ሆኖ፣ አንተው ትለካለህ? ይመዝገብልን! ከደመነ በማግሥቱ ወይም በሳልስቱ ድገሙት፤ ዋናው ሁለታችሁም በአንድ ቀን መለካታችሁ ነው። ከሚያዝያ 5 በኋላ ግን ፀሐይ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ታልፋለች። ያን ጊዜ ያንተ ጥላ ወደ ደቡብ፣ የእሷ ወደ ሰሜን ይወድቃል፤ ሁለቱን ማዕዘን ደምሩ። ከሚያዝያ 5 በፊት ከሆነ ሁለቱም ወደ ሰሜን ስለሚወድቁ ትልቁን ከትንሹ ቀንሱ።

የመቐለ_ፀሐይ
ከሳይንስ ክበቡ ልጆች ጋር ተነጋግሬ እዚሁ እጽፋለሁ። ቱንቢ የግንበኛው ይሆናል አይደል?

ጠመኔ
የግንበኛው ይበቃል። ከሌለ ክር ላይ ድንጋይ እሰሪ።